የንጋት ሩዳክ

የሩዳክ ሞተር ሳይክል ኩባንያ መሸጡን ጓዴ የሰማው በገበያ ቀን ነበር። ቢቸና ከማለዳው ጀምሮ እህል በጫኑ አህዮችና በከብት ነጂ ተጨናንቃለች። የሱቁ በረንዳ ላይ ሁለት ቄሶች ተቀምጠው የሞተራቸው ካቴና እስኪወጠር ይጠብቃሉ። ስልኩ ጮኸ። የደወለው አዲስ አበባ ያለው የአስመጪው ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ሁልጊዜ ጨዋታ የሚወድ ሰው። ዛሬ ግን አልተጫወተም።

"ጋሽ ጓዴ፣ ሩዳክ ተሸጠ" አለው።

"ስንቱ ተሸጠ?" አለ ጓዴ፣ ስለ ሞተሮቹ የሚነግረው መስሎት።

"ሞተሩ አይደለም፤ ኩባንያው ራሱ ነው። ውጭ አገር ያሉት ባለቤቶች ለሌላ ትልቅ ድርጅት ሸጡት። እኛም ከእንግዲህ አስመጪ አይደለንም። አዲሶቹ የራሳቸውን ሰው ይዘው ይመጣሉ።"

"እኔስ?"

"ያነጋግሩዎታል ብዬ አስባለሁ" አለ ሰውየው። አነጋገሩ ግን የሚያስብ ሰው አነጋገር አልነበረም።

ጓዴ ስልኩን ኪሱ ከቶ ወደ ካቴናው ተመለሰ። አንደኛው ቄስ "ደኅና ነው?" ሲሉት "ደኅና ነው አባ፣ የሥራ ነገር ነው" ብሎ መፍቻውን አነሳ።

ጓዴ የሩዳክ ወኪል የሆነው ልጁ ንጋት ገና ዳዴ ሲል ነበር። በእነማይ ወረዳ ሞተር የሚነዳ ሰው ቢጠራ አብዛኛው ከእሱ እጅ የገዛ ነው፤ የግብርናው ባለሙያም፣ የገጠር መምህሩም፣ የእህል ደላላውም፣ ከደብር ደብር የሚመላለሱት ካህንም። ሩዳክ ፈጣን አይደለችም። ድምጿም አያምርም። ግን ጭቃ አትፈራም፤ አንድ ሰውና አንድ ጆንያ ጤፍ ተሸክማ ዳገቱን ትወጣዋለች። ሊገዛ የመጣ ሰው ሲያመነታ ጓዴ "እኔ እያለሁ መለዋወጫ አይጠፋም" ይለዋል። ይህን የሚለው ለማሻሻጥ ብቻ አልነበረም። እስከዚያ ቀን ድረስ ዕቃ አጥቶ ከደጁ የተመለሰ ሰው የለም።

ንጋት ያደገው እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በዘይትና በብረት መሀል ነው። ጓዴና ሚስቱ ስሜነሽ ከእሱ ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ሙያ ሊማር ከሞጣ የመጣ ይታገስ የሚባል ልጅ ነበር፤ እሱና ንጋት በአንድ መኝታ እያደሩ፣ ከአንድ ትሪ እየበሉ አብረው ሜካኒክ ሆኑ። ይታገስ ኋላ ሞጣ ተመልሶ የራሱን ጋራዥ ከፈተ። ንጋት ከአባቱ ጋር ቀረ። አባቱ የሰጠውን ቀይ ሩዳክ ዕሁድ ዕሁድ አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ከተማውን አንድ ጊዜ ዞሮባት ይመለስ ነበር። ከዚያ ኩላሊቱን ታመመ። ባሕር ዳር ሆስፒታል በገባ በማግስቱ አረፈ።

ከልቅሶው በኋላ ጓዴ ሞተሯን አጥቦ ሱቁ ጓዳ ጥግ ላይ አቆማት። ስሜነሽ አንሶላ አለበሰቻት። ዕሁድ ከቅዳሴ ስትመለስ በሱቁ በኩል ትመጣና አንሶላውን ገልጣ አቧራውን ትጠርጋለች። ስለ ልጃቸው ግን ባልና ሚስቱ አይነጋገሩም። አንዱ ቢጀምር ሌላው የሚፈርስ ይመስላቸው ነበር።

የሽያጩ ወሬ ከተሰማ በኋላ ለጊዜው የተለወጠ ነገር አልነበረም። መደርደሪያው ላይ የቀረ ዕቃ ስለነበር ጓዴ እሱን እየቆጠበ ሰጠ። ቀስ እያለ ግን ያልቅ ጀመር። መጀመሪያ ፍሪሲዮን ጠፋ፤ ቀጥሎ ፒስቶን። መርካቶ ድረስ ሰው ልኮ አስፈለገ። የተገኘው የሌላ ሞተር ዕቃ ነበር፤ ተሞርዶ ተገጠመና ሳይሰነብት ተሰበረ። አዲሶቹ ባለቤቶች የድሮዋን ሩዳክ መሥራት ትተዋል። ስሟን አስቀርተው ከሥሩ ያለውን ሁሉ ለውጠውታል። አዲሷ መልኳ ያማረ፣ ድምጿ የለዘበ ነው፤ ከአሮጌዋ ጋር የምትጋራው ግን አንድ ብሎን እንኳ የለም።

ፋንታ የሚባል የእህል ደላላ አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቆሞ፣ "ስሙን ገዙት እንጂ እኛን አልገዙንም" አለ። ከዚያ ፊቱን ወደ ጓዴ መልሶ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ እኛ እኮ የገዛነው እርስዎን አምነን ነው" አለው። ፋንታ ክፉ ሰው አይደለም። ስለዚህም ቃሉ ጓዴን የባሰ ወጋው።

ከአዲሱ ድርጅት የደወለችው ሴት ትሑት ነበረች። ለምሥራቅ ጎጃም በዚህ በኩል የሚኖረው ወኪል አንድ ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ሞጣ ላይ እንደሆነ፣ የጓዴ ሱቅ ደረጃውን እንደማያሟላ አስረዳችው። "ሞጣ ማን ነው?" ብሎ ጠየቃት። ስሙን ነገረችው። ይታገስ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ወጣቶች መሰላል ጭነው በመኪና መጡና የሱቁን ሰሌዳ አወረዱት። በአክብሮት ነው ያወረዱት፤ ሲጨርሱም እጅ ነሥተውት ሄዱ። ግድግዳው ላይ ፀሐይ ያልነካው ነጭ ቦታ ቀረ። ይታገስ አልደወለም።

የወረዳው የከብት ሐኪም ስርጉት ሞተሯን እየገፋች የመጣችው ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። የአማኑኤል ከተማ ልጅ ናት፤ ተመድባ ነው ቢቸና የመጣችው። መጀመሪያ ሰሞን ሴት በሞተር ስትሄድ ያየ ሁሉ ቆሞ ይመለከታት ነበር፤ አሁን ገበሬው የሩዳኳን ድምፅ ሲሰማ ከብቱን አስሮ ይጠብቃታል።

"ማርሽ አልገባ አለኝ ጋሼ። ውስጧ ይንገጫገጫል" አለችው።

ጓዴ ከፍቶ አየው። የማርሽ ጥርሱ ተሸርፏል። "ይሄ ካልተቀየረ አትሄድም፤ ዕቃው ደግሞ የለኝም" አላት።

ስርጉት በርጩማው ላይ ተቀመጠች። "ወደ ዓባይ በረሃ በኩል አባ ሰንጋ ገብቷል ተብሏል። ክትባቱ በረዶ ውስጥ ነው። በእግር ይዤው ብወርድ በረዶው ይቀልጣል።"

"ሌላ መኪና የላችሁም?"

"ያለችው አንዲት ናት፤ እሷም ጎማ የላትም።"

ጓዴ ጥቂት አሰበና "ነገ ሞጣ እሄዳለሁ" አላት።

በማግስቱ በሚኒባስ ተሳፈረ። ደብረ ወርቅን፣ ጉንደ ወይንን አለፈ። ማሳው ሁሉ ደርሶ ጤፉ ነፋስ ሲነካው ይተኛል፤ ጓዴ ግን መንገዱን ሙሉ የሚያስበው ይታገስን ሲያገኘው የሚናገረውን ነበር። ሞጣ ደርሶ የመስታወት በር ያለው ሰፊ አዳራሽ አሳዩት። ውስጡ አዳዲስ ሩዳኮች ተደርድረዋል። ይታገስ ሲያየው ከወንበሩ ተነሥቶ እየሮጠ መጣና ትከሻውን ሳመው።

"ጋሼ፣ ምነው ሳይደውሉ?"

"አንተስ ሳትደውል ቀረህ።"

ይታገስ አንገቱን ደፋ። "ምን ብዬ ልደውል? ወንበርዎ ላይ ተቀመጥሁ ብዬ?"

ጓዴ በመንገድ ላይ ያሰናዳው ንግግር ጠፋበት። "የመጣሁት ለወንበሩ አይደለም። የማርሽ ጥርስ ፈልጌ ነው፤ የድሮዋን። የከብት ሐኪማችን ቆማብኛለች።"

"የለም ጋሼ። ውሉን ስፈርም መጋዘኔ ውስጥ የነበረውን የድሮ ዕቃ ጭነው ወሰዱት። አንድ ካንዴላ እንኳ አላስቀሩልኝም።"

"ለምን?"

"አሮጌዋ ካልቆመች አዲሷን ማን ይገዛል? እንዲህ ብለው አልነገሩኝም። እኔም ግን ልጅ አይደለሁም።"

"ይህን እያወቅህ ፈረምህ?"

"እምቢ ብል ለሌላ ይሰጡት ነበር" አለ ይታገስ። "ልጆች አሉኝ ጋሼ።"

ምሳ አስመጣ። ጓዴ እጁን ታጠበ፤ ግን አልቆረሰም። ይታገስ በጣቱ የትሪውን ጠርዝ ሲነካካ ቆየና ቀና ሳይል ተናገረ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንድ ጥርስ እርስዎ ጋ አለ። የንጋት ሞተር ውስጥ። ከመታመሙ በፊት አብረን ነው የቀየርነው፤ ብዙም አልተነዳም።"

ጓዴ ተነሣ። ምሳውን እንደቀረበ ትቶ፣ ደኅና ዋል ሳይል ወጣ። መናኸሪያው ድረስ ይታገስ ከኋላው ተከተለው፤ እሱ ግን አልዞረም።

ቢቸና ሲደርስ ለስርጉት "አልተገኘም" ብቻ አላት። እሷም አልወቀሰችውም። በማግስቱ ማለዳ ሱቁን ሲከፍት የክትባት ሳጥኑን በትከሻዋ አንግታ በእግሯ ወደ ቆላው ስትወርድ አያት። አንድ የቀበሌ ሰው ተጨማሪ በረዶ ይዞ ይከተላታል። ጓዴ እስክትሰወር ድረስ ከበረንዳው አልገባም።

ስትመለስ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። "ግማሹ ተበላሸብኝ" አለችው። "ሁለት በሬ ሞቶ ጠበቀኝ። የአንድ ሰው በሬዎች ናቸው፤ ጥማዱ። ሰውየው አልተቆጣኝም። ‹ባለፈው በሞተር ትመጪ ነበር› ብቻ አለኝ።"

ጓዴ ያን ቀን ከምሳ በኋላ የሱቁን በር ከውስጥ ቆለፈ። ወደ ጓዳው ገብቶ አንሶላውን አነሣ። መፍቻውን ይዞ ብዙ ቆመ። ሲጀምር ግን እጁ ሥራውን ያውቃልና አላስቸገረውም። ሞተሩን ሲከፍተው የልጁን ሥራ አየ፤ ዘይት እንዳያፈስ የሚደረገው ጋርኒሲዮን ሳይጎድል ሳይተርፍ ተቀምጧል፤ ብሎኖቹ ጓዴ ራሱ እንዳስተማረው፣ አንዱ ከፊቱ ያለውን ሳይቀድም፣ በተራቸው ጠብቀዋል። አንድ ብሎን እምቢ አለው። የልጁ ክንድ ያጠበቀውን የእሱ ክንድ መፍታት አቃተው። እዚያ ላይ ሲደርስ ወለሉ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ተነሥቶ መፍቻውን ለማስረዘም ቱቦ ሰካበትና ፈታው።

ስርጉት ሞተሯ ስትነሣ "ከየት አገኙት?" ብላ ጠየቀችው። "ተገኘ" አላት።

ዕሁድ ስሜነሽ መጣች። ጓዴ በረንዳው ላይ ሆኖ አንሶላው ሲገለጥ ሰማ። ቶሎ አልወጣችም። ስትወጣ ነጠላዋን አጥብቃ ለብሳ ነበር።

"ምኗን ነው የፈታኸው?"

"ጥርሷን አውልቄ ለከብት ሐኪሟ ሰጠኋት። የማርሹን።"

"ጥርሷን" አለች ስሜነሽ ቀስ ብላ። "የእሱን ጥርስ ነው ያወለቅኸው።"

ጓዴ ቅኔ ቤት ባይውልም ገባው። ንጋት ገና ሳይናገር ጥርሱ የሚቀድመው፣ ሳቂታ ልጅ ነበር።

"መቃብሩ ላይ አፈር ሲመልሱ አይቻለሁ፤ ያንን ችያለሁ" አለች። "ይቺን ደግሞ አንተ ትቆፍራት?"

ከዚያ ቀን በኋላ ስሜነሽ ሱቁን አልረገጠችም። ቤት ውስጥ ምግብ ታቀርባለች፣ ውሃ ታስታጥባለች፤ ቃል ግን አይወጣትም።

የስርጉት ሞተር መነሣቷ በከተማው ተሰማ። ፋንታ መጣ፤ ሌሎችም መጡ። ጓዴ ለአንዷ ሰጥቶ ለሌላው እንዴት እንደሚከለክል አላወቀበትም። ሁሉም የገዙት እሱን አምነው ነው። ፋንታ የንጋትን ሞተር ካርቡሬተር ወሰደ። ገጠር የሚያስተምረው መምህር ፍቅረ ሥላሴ ፍሪሲዮኗን። ቄሱ ካቴናዋን። እያንዳንዱ የሚወስደው የማን እንደሆነ ሲያውቅ አይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ ግን ይወስዳል። የገና በዓል ሳያልፍ ከቀይዋ ሩዳክ የቀረው ጎማ የሌለው አካሏና መቀመጫዋ ነበር። ጓዴ አንሶላውን መልሶ ሸፈነባት። ከሥሩ የሚታየው ቅርጽ ግን የሞተር አልነበረም።

ስርጉት እውነቱን የሰማችው ከፋንታ ነው። የዚያኑ ቀን ወደ ጓዴ ቤት ሄደች። ስሜነሽ ደጅ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ስርጉት ሳትቀመጥ፣ "እትዬ፣ ባውቅ ኖሮ አልወስደውም ነበር" አለች። "አስፈትቼ እመልሰዋለሁ።"

ስሜነሽ ምስሩን መልቀሟን ቀጠለች። አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለችና ጠየቀቻት።

"የት ድረስ ሄድሽባት?"

ስርጉት የቀበሌዎቹን ስም ጠራች። ዓባይ ቁልቁል የሚታይበትን ገደል፣ በጥር እንኳ ሙቀቱ የማይቻለውን ሸለቆ፣ በበቅሎ ካልሆነ ሰው የማይወጣውን አቀበት ነገረቻት። ያ ጥማዱ የሞተበት ሰው ሌላ በሬ ተበድሮ እያረሰ እንደሆነ፣ የከተበችለትም ጊደር እንዳለችው ነገረቻት።

"ንጋት እዚያ ወርዶ አያውቅም" አለች ስሜነሽ። "ሁሌ እወርዳለሁ ይል ነበር፤ አባቱ ሥራ እያበዛበት ቀረ።" ሰፌዱን አስቀምጣ መቀመጫ ዱካ ገፋችላት። "አትመልሺው። ተቀመጪ።"

ከዚያ በኋላ ስርጉት ከቆላ በተመለሰች ቁጥር በዚያ ቤት ሳታልፍ ወደ ማደሪያዋ አትሄድም። ስሜነሽ የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ በር ላይ ትወጣለች። የደረሰችበትን አገር፣ የተቀበላትን ሰው፣ የተሻገረችውን ወንዝ ሁሉ ትጠይቃታለች። አንድ ማታ ለጓዴ ራት ስታቀርብ፣ ሳይጠይቃት፣ "ዛሬ እስከ ሱሃ ወንዝ ወርዳ ነበር" አለችው። ጓዴ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቆየ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያናገረችው ነበር። "ደርሳ ተመለሰች?" አላት። "ተመልሳለች" አለች። ያን ሌሊት ሁለቱም ደኅና እንቅልፍ ተኙ።

ይታገስ ቢቸና የመጣው በፋሲካ ሰሞን ነው። ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጓዳው ውስጥ ያለውን የሞተር አካል አየና ቆቡን አወለቀ። አልጠየቀም። ለሥራ እንደመጣ ተናገረ፤ ጓዴ በእሱ ሥር ሆኖ አዲሷን ሩዳክ ቢቸና ላይ እንዲሸጥ ድርጅቱን አስፈቅዷል።

"ሰሌዳውም ይመለሳል ጋሼ። የድሮው ቦታ ላይ።"

ጓዴ እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ይቺንስ ሲሸጧት?"

"ማንን?"

"ሩዳክን። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ቢገዛት፣ አዲሷም አሮጌ ትሆናለች። ያኔ እኔ ለገዛኝ ሰው ምን እሰጠዋለሁ? ሌላ ልጅ የለኝም።"

ይታገስ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ጓዴ ከዚህ ሁሉ ወር በኋላ መጀመሪያ ጊዜ አዘነለትና ትከሻውን ያዘው። "አንተን አልረግምህም። ሂድና ሥራ፤ ልጆችህን አሳድግ። እኔን ግን ተወኝ።"

ሰኔ ላይ የስርጉት ዝውውር ወጣ። እናቷ ስለታመመች ራሷ የጠየቀችው ነው፤ ወደ አማኑኤል። በዚያው ሰሞን የግብርና ጽሕፈት ቤቱ አዳዲስ ሩዳኮች ተሰጡት፤ አሮጌዎቹ ተሰብስበው በግቢው ጀርባ፣ ቆርቆሮ በሌለው ቦታ ላይ ተደገፉ። ስርጉት በመሰናበቻዋ ቀን ለስሜነሽ ነገረቻት።

"ጥርሱን ፈትቼ ልመልስላችሁ ብዬ የቢሮ ሰዎችን ለመንኋቸው። ንብረት ተቆጥሮ ተመዝግቧል፣ አይነካም አሉኝ።"

ስሜነሽ አቅፋ ሳመቻት፣ ለመንገዷ ስንቅ ቋጠረችላት፤ እስክትሄድም ፊቷ አልተለወጠም። ልጅቱ ከሄደች በኋላ ግን ነጠላዋን ለብሳ በቀጥታ ወደ ሱቁ መጣች። ከዚያ ዕሁድ ወዲህ እግሯ ረግጦት አያውቅም።

"እየሄደ ሳለ ችዬዋለሁ" አለችው። "ዝናብ ላይ ቆሞ ሲዝግ ግን አልችልም። ሂድና አምጣው።"

የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ገብረ ሕይወት የሚባል ከሌላ አገር የተመደበ፣ ሰው አክባሪ ሰው ነበር። ለጓዴ ወንበር ሰጠው፤ እስኪጨርስም ሳያቋርጥ አዳመጠው።

"ሲሰጧት ደረሰኝ ቆርጠዋል?"

"ልጄ፣ በነፃ ለሰጠሁት ምን ደረሰኝ እቆርጣለሁ?"

"ጋሼ፣ አምንዎታለሁ። ግን የመንግሥት ሞተር ውስጥ የገባ ዕቃ የመንግሥት ነው። እኔ ከፍቼ ብሰጥዎ ነገ አጎደለ እባላለሁ። በጨረታ ይሸጣሉ፤ ያኔ ይምጡና ይግዙ።"

ጓዴ ለይታገስ ደወለ። ከሞጣ ከወጣ ወዲህ ራሱ ሲደውልለት ይህ የመጀመሪያው ነው። ይታገስ "እመጣለሁ ጋሼ፣ እኔ እገዛታለሁ" አለው። በጨረታው ቀን በጠዋት ደረሰ። ግን ሞተሮቹ ለየብቻ አልቀረቡም፤ ከተበላሸ መኪና፣ ከአሮጌ የብረት አልጋና ከቆርቆሮ ጋር በጅምላ ነው የተሸጡት። የገዛው ከደብረ ማርቆስ የመጣ የብረታ ብረት ነጋዴ ነው። ይታገስ ሮጦ ያዘውና አንዷን ሞተር መልሶ እንዲሸጥለት ለመነው።

ነጋዴው አላስቸገረም። "ውሰዱ" አለ። "የትኛዋ ናት?"

ጓዴና ስሜነሽ ቀርበው ቆሙ። ሁሉም ቀይ ናቸው። ሰሌዳቸው ተነሥቷል፤ ዝናቡና ጭቃው አንድ አድርጓቸዋል፤ የአንዱ መሪ ለሌላው፣ የአንዱ መቀመጫ ለሌላው ተገጣጥሟል። ጓዴ አንድ በአንድ ተንበርክኮ ዳሰሳቸው። ሁሉንም የሸጣቸው እሱ ነው። ያቺ ጥርስ ግን ከሞተር ሆድ ውስጥ ናት፤ ሳይከፈት አትታይም። ስርጉት ዘንድ ደወሉ፤ ስልኳ አይሠራም። ኔትወርክ ከጠዋት ጀምሮ በአማኑኤል በኩል ጠፍቶ ነበር።

"ሁሉንም የምገዛበት ገንዘብ አልያዝሁም፤ ልክፈታቸው፣ አንድ ቀን ስጠን" አለ ይታገስ።

ነጋዴው ሰማዩን አየ። "መኪናው የኪራይ ነው ወንድሜ። መንገዱም ዛሬ ክፍት ሆኖ ነገ ላይከፈት ይችላል። ካወቃችኋት ውሰዱ፤ ካላወቃችኋት ልጫን።"

ጓዴ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተመላለሰ። በመጨረሻ እጁን ካንዷ ላይ አሳረፈ፤ መልሶ አነሣው። "አላወቅኋትም" አለ።

ጫኞቹ ሞተሮቹን አንሥተው አይሱዙው ላይ ወረወሯቸው። ስሜነሽ እያንዳንዷ ስትወድቅ ድምፁን ሰማች። መኪናው ግቢውን ለቆ ወደ ደጀን መንገድ እስኪታጠፍ ሦስቱም ቆመው አዩት። ይታገስ ወደ ቤት ልሸኛችሁ ቢላቸው ስሜነሽ "በእግራችን እንሂድ" አለች። እሱም ገባውና ተሰናብቶ ቀረ።

በእህል ገበያው በኩል ሄዱ። ገበያ የሌለበት ቀን ስለሆነ ሜዳው ባዶ ነው። መሀሉ ላይ ስሜነሽ እግሯ ደከመና ከግንቡ ጥግ ተቀመጠች። ጓዴም ከጎኗ ተቀመጠ። የለበሰው የሥራ ካፖርት ጉልበቱ ላይ በጭቃ ተበላሽቷል።

"ያን ቀን" አለች ስሜነሽ፣ ወደ ሜዳው እያየች፤ "አምቡላንሱ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዘው ሲሉን፣ አንተ ነህ የገባኸው።"

"አዎ።"

"መንገድ ላይ ምን አለህ? አንድም ቀን አልነገርኸኝም።"

"አልጠየቅሽኝም።"

"ፈርቼ ነው። አሁን ንገረኝ።"

ጓዴ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጭቃ በጥፍሩ ፋቀ። "ደብረ ወርቅ እስክንደርስ ተኝቶ ነበር። ከዚያ ነቅቶ ውሃ አለኝ። ከንፈሩን አረጠብሁለት። መንገዱ ያናውጠው ነበርና ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግሁት። እንደ ልጅነቱ።"

"አመመው?"

"ያመው ነበር። አላማረረም። ሞጣን ስናልፍ የጊዮርጊስን ደወል ሰማና ‹ስንት ሰዓት ነው?› አለኝ። ሰባት ሰዓት ሆኗል አልሁት። ‹እናቴ እህል ቀምሳ ይሆን?› አለ። ቀምሳለች አልሁት።"

ስሜነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። "አልቀመስሁም ነበር" አለች ከውስጥ ሆና።

"አውቃለሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ብዙ አልተናገረም። እጄን ይዞ ነበር። ባሕር ዳር እስክንገባ አልለቀቀኝም።"

ከደጀን በኩል ደመና እየተሰበሰበ መጣ፤ ያጨደውን ሣር የሚያስገባ አንድ ገበሬ አህያውን እያጣደፈ በፊታቸው አልፎ "እንደምን ዋላችሁ" አላቸው። ጓዴ መለሰለት። ስሜነሽ አይኗን አብሳ እጇን ዘረጋችለት፤ ይዞ አስነሣት፤ ዝናቡ ሳይደርስባቸውም ወደ ቤታቸው አመሩ።